ተረክቤያለሁ

እንቅልፍ እንደሚያስቸግረኝ የሰማ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆንብኛል። አንዱ ትኩስ ወተት ጠጪ ይለኛል፣ ሌላው እግርሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢ፣ ሌላው ደግሞ ስልክሽን ከክፍሉ አውጪ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ከአንድ ሺህ ወደ ታች ቁጠሪ ብላ መከረችኝ። በማግስቱ ቆጥሬ አንድ ላይ ከደረስኩ በኋላስ ምን ልቁጠር ብዬ ስጠይቃት ተቀየመችኝ። እኔ እኮ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። «ከመተኛትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት» እያልኩ የእንቅልፍ ኪኒን ለስንቱ ሰው እሰጣለሁ። ራሴም ሞክሬዋለሁ፤ ያደነዝዘኛል እንጂ አያስተኛኝም።

የሚያስተኛኝን ነገር ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። አንዲት ቃል ናት። ችግሩ ቃሏ የምትሠራው ከአንድ ሰው አፍ ስትወጣ ብቻ መሆኗ ነው።

ያደግኩት ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ፣ ለሠራተኞች በተሠሩ መደዳ ቤቶች ውስጥ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ መሀሏን በመጋረጃ ከፍለናታል። ከመጋረጃው ወዲህ የእናቴና የአባቴ አልጋ፣ ጠረጴዛና ምድጃ፤ ከመጋረጃው ወዲያ መስኮቱ ሥር የእኔ አልጋ። ሌሊት ማሽኖቹ ሲሠሩ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እንግዳ ሰው ቤታችን ካደረ በዚያ ድምፅ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። እኛን ግን የሚቀሰቅሰን የድምፁ መቆም ነበር።

አባቴ የፋብሪካው ቦይለር ሠራተኛ ነበር። ቦይለሩ ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚሰጥ፣ ቤታችንን የሚያክል የብረት ጋን ነው። ሌሊት ሁለት ሰው ያድርበታል፤ አባቴና ጓደኛው ፉጨት። ፉጨት የወጣለት ስም ነው። የሰውዬው ከንፈር ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ሲመጣም ሲሄድም ያፏጫል። እናቴ «ይሄ ሰውዬ ሲታመም እንኳ እያፏጨ ነው የሚያቃስተው» ትል ነበር። ሚስቱና ገና ያልተራመደ ልጁ ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነበር የሚኖሩት።

ከጋኑ ጎን ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አለ፤ ውስጥ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ የሚታየው በእሱ ነው። ውሃው ከግማሽ በታች ሲወርድ ካልተደረሰበት ጋኑ ይፈነዳል። ስለዚህ አንዱ ሰው ብርጭቆው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፣ ሌላው እንጨት ያመላልሳል፣ አመድ ይጠርጋል፣ ሻይ ያፈላል። በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ሲቀያየሩም እንዲሁ አይደለም። ተረካቢው ይጠይቃል፣ አስረካቢው ይመልሳል። «ውሃ?» «ግማሽ።» «እሳት?» «ደህና።» «በር?» «ክፍት።» ከዚያ ተረካቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተረክቤያለሁ» ይልና መዝገብ ላይ ይፈርማል። ያቺ ቃል ሳትነገር የተቀመጠው ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሉት እንኳ ከወንበሩ አይነሳም። አባቴ ይህን ሲያወራ ደረቱ ንፍት ይል ነበር።

እኔንም አስተማረኝ። ማታ ለሥራ ሲወጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፤ እኔ ተረካቢ ስለሆንኩ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። በር እለዋለሁ፣ ተቆልፏል ይለኛል። መብራት እለዋለሁ፣ ጠፍቷል ይለኛል። እናት እለዋለሁ፣ አለች ይለኛል። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና «እኔም ከበርና ከመብራት እኩል ተቆጠርኩ?» ትላለች። ከዚያ ኮስተር ብዬ ተረክቤያለሁ እላለሁ።

«በቃ አለቃ» ይለኝ ነበር። «አንቺ ከነቃሽ እኔም እዚያ ልቤ ያርፋል። አንቺ ከተኛሽ ግን ጉዳችን ፈላ።»

ጠዋት ሲመለስ ደግሞ በተራው ጠያቂ ይሆናል። እኔ በእንቅልፍ ልቤ እመልስለታለሁ፤ ተረክቤያለሁ ብሎ ግንባሬን ይስመኛል። ጭስና የብረት ዝገት ይሸተኝ ነበር።

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህ ቀልድ መሆኑን ያውቃል። አባቴ የፋብሪካውን በር ሳያልፍ እኔ ጭልጥ ብዬ የምተኛ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የተናገረውን ቃል በቃል ነው የወሰድኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለሸማኔዎቹ የእረፍት ጡሩምባ ይነፋል። ማንንም ሳላማክር፣ ያ ጡሩምባ እስኪነፋ መንቃት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ጭኔን እቆነጥጣለሁ፣ ባዶ እግሬን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ በትንሽ ድምፅ ትምህርቴን እደግማለሁ። ጡሩምባው ሲነፋ ነው ዓይኔን የምከድነው። ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ድፍት ብዬ ስተኛ መምህሯ የሆድ ትል ነው ብላ ለእናቴ ላከችባት፤ ለማይታይ ትል ሦስት ቀን መራራ መድኃኒት ጠጣሁ። እንዲያም ሆኖ ትንፍሽ አላልኩም፤ አለቃ ነኛ።

ያቺ ቀን ቅዳሜ ነበረች። ጣሪያችን ያፈስ ስለነበር አባቴና ፉጨት ከሌሊት ሥራ መጥተው መተኛት ሲገባቸው፣ ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርሰው ብለው ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመቱ ዋሉ። እኔ ከታች ምስማር ሳቀብል፣ ገመድ ስዘል፣ ስሮጥ ዋልኩ። ማታ ሥራ ሊሄዱ ሲሉ ፉጨት ገመዴን ተቀብሎኝ በከባድ ጫማው ሦስት ጊዜ ዘለለበት፤ አራተኛው ላይ ጠልፎት ሊወድቅ ነበር። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። ፉጨት እያፏጨ ሄዱ።

ያን ማታም እንደ ወትሮው ቤቱን ተረክቤያለሁ።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ አልነበረም ብል ይቀለኛል፤ ነገር ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ብርድ ልብሴ ላይ የመስኮቱ መስታወት ስብርባሪ ተበትኗል። ማሽኖቹ ቆመዋል። እናቴ በባዶ እግሯ ስትሮጥ፣ በየበሩ ሰው ሲጯጯህ ይሰማኛል። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የስምንት ሰዓቱን ጡሩምባ ሳልጠብቅ ተኝቼ ነበር።

ጠዋት ላይ ቦይለሩ ፈንድቶ ፉጨት መሞቱን ሰማሁ። አባቴን ቀኝ ክንዱንና ጆሮውን እንፋሎት ልጦት ሆስፒታል አስገብተውታል። በሁለተኛው ሳምንት ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ቤት አመጡት። ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሮጬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩት፤ በር እንዲለኝ፣ መብራት እንዲለኝ። አልጠየቀኝም፤ ዓይኑንም አላሳየኝም። ያወቀብኝ መሰለኝ።

ዛሬ ሳስበው አባቴ በዚያ ሰሞን ዓይኑን ያሳየው ሰው አልነበረም። ሻይ የምታቀርብለትን እናቴን እንኳ አያያትም ነበር። ይህ ግን ያኔ ለእኔ የሚገባ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ቤቱን የተረከበኝ ሰው የለም። ስለዚህ መተኛት አይቻልም። መተኛት ብፈልግም እንቅልፉ ራሱ ጥሎኝ ሄዷል፤ ዓይኔን ስከድን የፈነዳው ነገር እንደገና ይፈነዳል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ከሳሁ። የእናቴ እህት የሆነችው አክስቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሥራዬ ብላ ያዘችኝ። ወተት አጠጣችኝ፣ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ፣ ራስጌዬን ወደ ግርጌ አዞረችው። የጨርቅ ቁልል ተሸክማ ስለምትሄድ ጉንዳን ረጅም ተረት ፈጠረችልኝ። ጉንዳኗ ገበያ ሳትደርስ አክስቴ ራሷ አልጋዬ ላይ አንኮራፋች። እኔ ስታንኮራፋ እያየኋት አነጋሁ።

አባቴም አይተኛም ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ፣ በቀስታ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይሰማኛል። ትንፋሼን እይዛለሁ። ተኝቼ እንደሆነ እያጣራ ነበር የሚመስለኝ። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለካ ሰው ሁሉ መተኛቱን አረጋግጦ ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዳችን ለአንዳችን የተኛን እየመሰልን ስንት ሌሊት ነጋብን።

በመጋረጃ የተከፈለ ቤት ውስጥ ምስጢር የለም። እናቴና አክስቴ ተኝታለች ብለው ሲንሾካሾኩ ሁሉን እሰማለሁ። ከፋብሪካው የሚመጣ አጣሪ እንዳለ ሰማሁ። ያን ሌሊት የተኛ ሰው አለ ብለዋል አለች እናቴ፤ መዝገቡ ስለተቃጠለ ማን እንደሆነ ነው የሚያጣሩት። አክስቴ ጥፋቱ የሞተው ላይ ቢያርፍ ምን ይጎዳዋል፣ እሱ እንደሆነ አይሰማ አለች። እናቴ «ሚስቱስ ትሰማ የለ?» አለች። ጥፋቱ የባሏ ከሆነ በወሩ መጨረሻ ከነልጇ ከፋብሪካው ቤት ትወጣለች።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። የተኛውን ሰው እየፈለጉት ነው። በእሱ ምክንያት ደግሞ የፉጨት ሚስት ቤቷን ልትለቅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጇን አዝላ መጣች። ቁጭ በይ ብትባል አልቀመጥም አለች። በሩ ላይ እንደቆመች አባቴን «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። «ተረክቤያለሁ ብሎ ነበር?»

አባቴ ወደ ግድግዳው እንደዞረ «ብሎ ነበር» አላት።

«እሱ ተረክቦ የሚተኛ ሰው አልነበረም» አለችና ሄደች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የመጋረጃችንን ጠርዝ ይዞ ነበርና እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

እኔ ደግሞ ሒሳቡን ሠራሁት። አባቴ ፉጨት ተረክቧል ይላል፤ አባቴ አይዋሽም። ሚስቱ አልተኛም ትላለች፤ እሷም ባሏን ታውቀዋለች። ተረክቦ የተኛ ሰው ግን አለ። ከእኔ ሌላ ማን ቀረ? በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የፉጨት ሚስት ድስቶቿን በጆንያ ስትከት በበሯ በኩል አየሁ። ያን ማታ ራት አልበላም አልኩ።

አጣሪው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቷል። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፣ መሬት ቢያስቀምጠው የሚሰረቅበት ይመስል። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ሊያስፈርም ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን አወጣና ለአባቴ አነበበለት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ለሟች አስረክቤያለሁ፤ ሟች ተረክቤያለሁ ብሏል፤ አደጋው የደረሰው ሰባት ተኩል ላይ በሟች ተራ ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለታሰረ እናቴ ብዕሩን በግራ እጁ አስያዘችው።

«በዚህ ካመኑ ይፈርሙ» አለ አጣሪው። «የተኛው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅና ሁሉም ይረፍ።»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ የተኛሁት» አልኩ። «ተረክቤ ነበር፣ ግን ተኛሁ። ፉጨት አይደለም። ሚስቱን አታስወጧት፤ እኔን አስወጡኝ።»

አጣሪው ፈገግ አለ፤ ከዚያ የአባቴን ፊት ሲያይ ፈገግታውን መለሰው። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደደም። ብዕሩ ከእጁ አልጋው ላይ ወደቀና ቀለሙ አንሶላውን አበላሸው። ልጅቷን ወደ እህትሽ ቤት ውሰጂልኝ አለ ለእናቴ። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሰው ነበር።

አክስቴ ቤት እስከ ማታ የልብስ ስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብዬ ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ቆየሁ። ሲመሽ እናቴ ወሰደችኝ። አጣሪው ሄዷል። አባቴ ከአልጋው ተነስቶ ልብሱን ለብሶ የእኔ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ጋደም አልኩ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«በር?»

«ተቆልፏል።»

«መብራት?»

«ጠፍቷል።»

«እናት?»

«አለች።»

«ተረክቤያለሁ» አለ። «ከእንግዲህ ያንቺ ተራ አይደለም። ተኚ።»

ተኛሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልገላበጥ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ተኛሁ። ስነቃ ጀርባዬ ላይ የአንሶላው እጥፋት ታትሞ ነበር።

አባቴ አልነበረም። ጠዋት መኪና መጥታ ወስዳዋለች። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ የቀለሙን እድፍ በሳሙና ታሻለች፤ እድፉ ይሰፋል እንጂ አይለቅም። አባትሽ እውነቱን ሊናገር ሄደ አለችኝ። የትኛውን እውነት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ የማውቀው መሰለኝ። ተራዬን ተረክቦኝ የለ? በእኔ ምትክ ሄደ ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ሁሉን የተረዳሁ መስሏት ነገሩን ደግማ አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁም። ከወሩ መጨረሻ በፊት የፋብሪካውን ቤት የለቀቅነው እኛ ሆንን። የፉጨት ሚስት ድስቶቿን ከጆንያው አወጣች። ዕቃ ስንጭን መጥታ የአልጋዬን አንድ ጎን ያዘችልን፤ ቃል ሳትናገር እስከ ጋሪው ተሸከመችው። ያኔ ልታግዘን ነበር የመሰለኝ። ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቶሎ ከዓይኗ እንድንጠፋላትም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አልፈርድባትም።

አባቴ አራት ዓመት ታሰረ። እኔ አራቱን ዓመት አክስቴ የስፌት ክፍል ውስጥ፣ እናቴ አጠገብ፣ ግንድ ሆኜ ተኛሁ። አክስቴ የጉንዳኗ ተረት በመጨረሻ ሠራ እያለች ትኩራራ ነበር። ተራውን ሌላ ሰው ስለያዘልኝ እንደምተኛ ማንም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አፍር ነበር።

በወር አንድ ጊዜ እንጠይቀዋለን። በሽቦው ወንፊት በኩል ትተኛለሽ ወይ ይለኛል፤ እተኛለሁ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ እናቴ ስንቁን ልታስፈትሽ ዞር ስትል ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ጣቴን ነካና «ያደረግሽልኝን አልረሳም» አለኝ። ፊቴ ነደደ። ያደረግሽብኝን ማለቱ ነው ብዬ፣ ቀጣዩን ወር ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ።

ሲፈታ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ከስቷል፤ የተቃጠለው ጆሮው ተጨማዷል። እናቴ አልጋ አነጠፈችለት፤ እሱ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀን ደስታ ነው አልን። ሁለተኛው ቀን ድካም ነው አልን። ሦስተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ በሩን ሲያይ አገኘሁት። እናቴ ተኝታ ነበር። የጨርቅ ቁልል ላይ፣ ከእግሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

እስር ቤት መብራት አይጠፋም አለኝ፤ ሁልጊዜ የነቃ ሰው አለ፣ ዘበኛው ይመላለሳል። እዚያ እተኛ ነበር። እዚህ ግን ሁላችሁም ትተኛላችሁ አለኝ። ከዚያ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣ ሲያስበው የኖረውን ነገር አወጣው።

«ያን ቀን ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ጥፋቴን ልትሸከምልኝ ስትወጣ እኔ ብዕር ይዤ ተኝቻለሁ። ያንን ባላይ ኖሮ ፈርሜው ነበር።»

«አልዋሸሁም አባዬ» አልኩት። «ተኝቼ ነበር እኮ።»

ወደ እኔ ዞረ። የት ነው የተኛሽው አለኝ። ቤቱን ተረክቤ አልኩት። የስምንት ሰዓቱን ጡሩምባ ሳልሰማ ተኛሁ፣ አንተ ደግሞ ከተኛሽ ጉዳችን ፈላ ብለኸኝ ነበር፣ በእኔ ምክንያት ፉጨት ሞተ፣ አንተም በእኔ ምትክ ታሰርክ አልኩት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ምነው አፌን በቆረጠው ብያለሁ። ለራሱ የያዛት አንዲት ደህና ነገር እሷ ነበረች፤ ልጁ ልትሸፍነው የወጣችባት ቀን። እሷንም ነጠቅኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ከፉጨት የተረከበው እሱ እንደነበር ያን ሌሊት ነገረኝ። ውሃ ብሎ ጠይቆ፣ እሳት ብሎ ጠይቆ፣ ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሞ ተቀመጠ። ቀኑን ጣሪያ ላይ ስለዋለ እንቅልፍ ጣለው። ፉጨት እንጨት ተሸክሞ ሲገባ ብርጭቆው ባዶ ነበር። አባቴን ከነወንበሩ በበሩ ገፍትሮ አስወጣውና ወደ እሳቱ ተመለሰ።

«አንቺ የተኛሽው ልጅ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። «መሽቶ ነበር፣ ደክሞሽ ነበር፣ ተኛሽ። ተረክቦ የተኛው እኔ ነኝ። ይህን አለመንገሬ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።» አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ትራስ አልነበረውም።

ከቁልሉ ላይ ተነስቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩና «በር?» አልኩት።

ደግሜ ጠየቅኩት።

«ተቆልፏል» አለ።

«መብራት?»

«ጠፍቷል።»

«እናት?»

«አለች።»

«ውሃ?»

«ግማሽ» አለ።

«ተረክቤያለሁ። ሂድ ተኛ።»

ከወንበሩ ተነሳልኝ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እናቴ ጎን ጋደም አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋቱን ሰማሁ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እስኪነጋ ጠበቅኩት። ሲነቃ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ ተረክቤያለሁ አለኝ። ያኔ ተኛሁ፤ ትምህርት ቤትም አልሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ማታ እኔ እረከበዋለሁ፣ ጠዋት እሱ ይረከበኛል። እንደ መጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማንኮራፋቱን እያዳመጥኩ ነው። የሚያንቀላፋኝ ጊዜም ነበር፤ ሰው ነኝ። አንድ ጥያቄ ግን በየሌሊቱ ይመጣብኝ ነበር። ዋሽታልኛለች ብሎ ባያስብ ኖሮ አባቴ እውነቱን ይናገር ነበር? የፉጨት ሚስት ከነልጇ መንገድ ላይ የማትወድቀው እኔ አንድ ነገር በስህተት ስለገባኝ፣ እሱም እኔን በስህተት ስለተረዳኝ ብቻ ነው? ልጠይቀው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያችን ያህል እንቅልፍ አግኝቶ እንዴት ልቀስቅሰው።

አንድ ጠዋት ማንኮራፋቱ ቆሞ ነቃሁ። ድሮ ማሽኖቹ ሲቆሙ እንደምነቃው ነው የነቃሁት። ነግቶ ነበር። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አባዬ ነጋ አልኩት። እስኪጠይቀኝ አልጠበቅኩም፤ ሳልጠየቅ ራሴ መለስኩለት። በሩ ተቆልፏል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ እናቴ አለች አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። እናቴ መጥታ እጄን ከእጁ ላይ እስክታነሳው ድረስ፣ ያቺን አንዲት ቃል እንዲለኝ ጠበቅኩ።

አሁንም ማታ ማታ በሩን እቆልፋለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ጋደም እላለሁ። እናቴም አርጅታ ከእኔ ጋር ናት፤ ከወዲያኛው ክፍል ትንፋሿ ይሰማኛል። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። የሚረከበኝ ሰው ግን የለም።